መጀመሪያ ቁስሉን እዩት

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ወረዳ ለምትወጡ የእንስሳት ሐኪሞች፦

እኔ ሞተር ሳይክሉን አስረክቤ፣ ጡረታ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከጮቄ ተራራ ግርጌ አንድ ገበሬ አስጠራኝ። በአንድ ሌሊት አምስት በግ አልቆበታል። «ጅብ ነው» አለ። ጎረቤቱም «ጅብ ነው» አለ። እኔም ቁስሉን ሳላይ «ጅብ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ሥጋው ላይ መርዝ ተነሰነሰ። መርዙን ያቀበልኩት እኔው ነኝ።

በማግስቱ ስንሄድ ጅብ የለም። ሰባት ጥንብ አንሳ ክንፋቸውን ዘርግተው ወድቀዋል። አንዱ ገና አልሞተም፤ አንገቱን ሊያነሳ ይሞክራል፣ ያቅተዋል።

ያኔ ነው ቆስላ የተረፈችውን በግ ጎንበስ ብዬ ያየሁት። ላቷና የኋላ እግሯ ተቦጫጭቋል። ንክሻው ብዙ፣ የጥርሱ ምልክት ትንንሽ። የሞቱትም ቢሆኑ አልተበሉም ነበር። ጅብ ቀንቶት ከገባ አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱን ሳይቀር ይሰለቅጣል፣ ወይም ጎትቶ ይሄዳል። ነብር ጉሮሮ ይይዛል። እንዲህ ነካክሶ ትቶ የሚሄደው ውሻ ነው።

ነገሩን ሳስበው ያመኛል። ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ጥንቡ ለውሻ ይተርፋል። ውሻ ሲበዛ የእብድ ውሻ በሽታም ይበዛል። ጽዳት ሠራተኛውን ገድለን ጥፋተኛውን ቀለብነው ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮም የዚሁ ዕዳ ከፋይ ነው። ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው፤ እንዲያውም ገብሳችንን ስለጠበቀ ደመወዝ ይገባው ነበር። ጮቄ ላይ ከታየ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። በአገር ደረጃ የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ። እዚያም በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሻ የተጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ስለዚህ ክትባቱን አትናቁት። ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መዛመቱን ያቆማል። በረቱንም ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፤ እሾሁ ሳስቷል? በሩ ከታች ክፍተት አለው? የሞተ ከብት ከጓሮ ተጥሏል? እኛ አገር አጥር የሚጠናከረው በጉ ከተበላ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ደግሞ አደራ፣ አምስት በግ ለሞተበት ሰው ስለ ዱር እንስሳት ጥቅም አትስበኩ። አምስት በግ ማዳበሪያ ነው፣ የልጅ ደብተር ነው። መጀመሪያ አብራችሁት እዘኑ።

ለዚያ ገበሬ ውሻ እንደነበር አልነገርኩትም። ደጃፉ ላይ ታስሮ የሚጮኸውን የራሱን ውሻ እያየሁ፣ አፈርኩና ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ እስከ ዛሬ «ጅብ» ነው የሚለው።