ጥዱ ለሁለት ገና አይበቃም

ጥያቄው የመጣው ጣና ዳር አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ካላቸው እናት ነው። «ሳሎናችን የድንጋይ ምድጃ አለው። አምና ለገና ከላዩ ያለውን መደርደሪያ በጥድና በመብራት አስጌጥነው። ምስማሩ ተነቀለ፣ ጥዱ ረገፈ፣ መብራቱም ግማሹ ጠፋ። ዘንድሮስ?» ይላሉ።

እናቴ፣ ምስማሩን ይተዉት። ጥቁር ድንጋይ ምስማር አይቀበልም። የተቀበለ የመሰለዎት በድንጋዮቹ መሀል ያለው ሲሚንቶ ነው፤ እሱም ሲመታ ይፈረፈራል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ከመደርደሪያው ትንሽ ያጠረ፣ 10 ሳንቲ ስፋት ያለው ጣውላ አስቆርጣለሁ። በየ20 ሳንቲው ትንንሽ ምስማር መትቼ አናታቸውን ብቅ አድርጌ እተዋለሁ። ጥዱን በቀጭን ሽቦ እዚያ ላይ አስራለሁ። ከዚያ ጣውላውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ሁለቱን ጫፍ ከባድ ነገር መጫን ነው። አንድ ቤት አሸዋ የሞላንባቸው ሁለት ጀበናዎች ተጠቅሜያለሁ። ላየው ሰው ጌጥ ናቸው።

ጥዱ የረገፈው ግን በእርስዎ ጥፋት አይደለም። የፈረንጅ እንግዶችዎ ገና ታህሳስ 16 ነው፣ የእኛ 29። መሀሉ 13 ቀን! በ14 የተቆረጠ ጥድ ለእኛ ገና ጭድ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቴ ያስቆርጡ፣ ሁለተኛውን በ27። ቅርንጫፎቹን ከማሰርዎ በፊት ጫፋቸውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ያሳድሩ። መድረቁን ለማወቅ ቅርንጫፉን በጣትዎ ጨበጥ አድርገው ወደ ራስዎ ይሳቡት። ቅጠሉ እጅዎ ላይ ከቀረ ይጣል። ጣውላው እንዳለ ስለሚነሳ ውጭ አውጥቶ መቀየር ቀላል ነው።

በደንገል ላስጊጥ ካሉ ደግሞ እኔ ሞክሬዋለሁ። የደንገል አናት ሁለት ቀን እንደ ጸጉር ያምራል። በሦስተኛው ቀን ክሩ እየበነነ የእንግዳ ቡና ውስጥ ገባ። ለታንኳ ይቅር።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፦ ጌጥ ካለ እሳት የለም። ጥድ ዘይት አለው፤ ከደረቀ በአንድ ፍንጣሪ ቦግ ይላል። የታህሳስ ማታ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፣ ለእንግዳ ጋቢ ይስጡ። ምድጃው ባዶ እንዳይመስል ፍልጥ በቅርጫት አድርገው መሀሉ መብራት ያስገቡ።

መብራቱ ግማሹ የጠፋው አምፖሎቹ በቡድን በቡድን ተከታትለው ስለተያያዙ ነው። አንዱ ከላላ ቡድኑ በሙሉ ይጨልማል። ስፒናውን ነቅለው በጠፋው በኩል ያሉትን አንድ በአንድ ጫን ጫን ያድርጉ። ምስማር የነካው ሽቦ ካገኙ ግን በናስትሮ ጠቅልለው እንዳይሰኩት፣ ይጣሉት። አዲስ ሲገዙ ኤልኢዲ ይበሉ፤ እምብዛም አይሞቅም። ማታ ከመተኛትዎ በፊትም ይንቀሉት።