የዋስትናው ፎርም

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የሒሳብ ባለሙያ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሥራ አገኘሁ፤ ግን ልቤ አልወደደውም። ልግባ?» አለችኝ። ምኑ ቅር እንዳላት ብጠይቃት፣ ውሉ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ ግማሹ ብቻ ነው፤ ቀሪው በፖስታ በእጅ ይሰጣታል።

ልጆቼ፣ ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚታሰበው በወረቀት ላይ ከሰፈረው መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ፖስታው ጡረታ አያውቅም። ይሄ እንግዲህ የራሷ ጉዳት ነው። የባሰው ደግሞ የሁሉንም ሠራተኛ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) እንደዚያ አድርጋ የምትሠራው እሷው መሆኗ ነው።

እኔም ገብቼበት አውቃለሁ። 1995 ነው፤ ቫት ገና የገባ ሰሞን። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነች፣ የቤት ኪራይ ሁለት ወር አልፎኛል። አንድ አስመጪ ቃለ መጠይቅ አድርጎልኝ ሲያበቃ፣ «ሁለት መዝገብ መያዝ ትችላለህ?» አለኝ፤ መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ እንደሚል ሰው። ሳቅሁ። እሱም ሳቀና የዋስትና ፎርም ሰጠኝ።

ፎርሙን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። መምህር ነበር። መነጽሩን አድርጎ እያንዳንዷን መስመር አነበበና፣ «ለመሆኑ ሥራው ምንድነው?» አለኝ። «ሒሳብ ነው ጋሼ» አልኩት። ፈረመልኝ።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ በአንድ ስም ሁለት ድርጅት ከፈትኩ፤ እንዳይምታታብኝ አንደኛውን ከስሙ ኋላ ነጥብ አድርጌ ለየሁት። ገቢዎች የሚያየው ነጥብ ያለውን፣ የሐሰቱን ነበር። ስምንት ወር እንዲህ ሠራሁ። በየእሑዱ ቡና የምጠጣበት የአጎቴ ቤት ግን እግሬ መሄድ አቆመ። ኦዲት መጥቶ ባለቤቱ «ሒሳብ ሹሙ ነው ያጭበረበረኝ» ቢል፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚጠራው በዚያች የመምህር ደመወዙ ዋስ የሆነኝ ሰው ነበር።

ስለዚህ ለልጅቷ «ዋስ የሚሆንሽ ማነው?» አልኳት። አባቷ ናቸው። «እንግዲያው ፎርሙን ከማቅረብሽ በፊት፣ የምትሠሪውን ልክ ለእኔ እንደነገርሽኝ ለእሳቸው ንገሪያቸው» አልኳት። ዝም አለች።

ልብ የማይወደው ሥራ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ክፍለ ሀገር ስለሆነ፣ ወይም ዲግሪ ይዞ መጋዘን መቁጠር ስለሚያሳፍር የሚቀፍ ሥራ አለ። እሱን ግቡበት፤ እኔ ሒሳብን የተማርኩት ጅማ የቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስቆጥር ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለዋሳችሁ እየሳቃችሁ ታወሩታላችሁ።

ችግር አስገድዷችሁ የምትገቡም አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም፣ ኪራይ ቀን አይሰጥም። ግን የሙከራ ጊዜው የእናንተም መሆኑን እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላላችሁ። አጠራጣሪ ትእዛዝ ሲመጣ በጽሑፍ ይሁንልኝ በሉ። ብዙው አለቃ እስክሪብቶ ሲያነሳ ሐሳቡን ይቀይራል።

እኔ ስለቅ ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ የለበትም የሚለውን ወረቀት፣ ለማግኘት አራት ወር ተመላልሻለሁ። የዋስትናው ፎርም ተመልሶ እጄ እንደገባ በቀጥታ አጎቴ ቤት ሄጄ፣ ነጥቧን ሳይቀር ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አንድም ቃል አልተናገረም። ወረቀቱን ተቀብሎ ፊርማውን አየት አደረገ፣ አራት ቦታ አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተውና፣ «ምሳ በልተሃል?» አለኝ።