ስም ከማውጣታችሁ በፊት ዴልታውን ፈልጉ

ልጆቼ፣

የጣት አሻራን በመስመሮቹ ቅርጽ መመደብ ስትጀምሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስቸኩላችሁ የዓይነቱን ስም ማውጣት ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ማጉያ መነጽሩን አስጠግቼ ገና መሐሉን እንዳየሁ «ሉፕ ነው» እል ነበር። ዓይን ወደ መሐል ይሳባል፤ ፍርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ዳር ላይ፣ ዴልታው ዘንድ ነው።

ዴልታ በተለያየ አቅጣጫ የሚሄዱ መስመሮች ተቀራርበው ሦስት ማዕዘን የሚሠሩበት ስፍራ ነው። አንድ ዴልታ ኖሮ መስመሮቹ ታጥፈው በገቡበት ጎን ከተመለሱ ሉፕ ነው፤ ከአሻራዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። መስመሮቹ መሐሉን የሚዞሩበት ዎርል ቢያንስ ሁለት ዴልታ አለው። ተራው አርች ምንም የለውም፤ መስመሮቹ በአንዱ ጎን ገብተው፣ መሐል ላይ ጉብ ብለው፣ በሌላው ይወጣሉ። ድንኳን መሰሉ አርች ግን ዴልታም ስለሚኖረው ሉፕ እየመሰለ ያሳስታል። እዚያ ላይ አትቸኩሉ፤ ከዴልታው እስከ እምብርቱ፣ ማለትም እስከ አሻራው መሐል፣ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ ቁጠሩ።

አንድ ጊዜ የአውራ ጣት አሻራ ሉፕ ብዬ መደብኩ። ጣቱ ከጥፍር እስከ ጥፍር አልተንከባለለም ነበርና የቀለሙ ዳር ተቆርጧል፤ እኔ አላየሁትም። ካርዱ ያለ ምድቡ ስለገባ የዚያው ሰው የቀድሞ ካርድ ሲፈለግ አልተገኘም። ጣቱ ዳግመኛ ሲታተም ሁለተኛው ዴልታ ወለል ብሎ ወጣ። ዎርል ነበር። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ የማየው የቀለሙን ዳር ነው።

ምድብ ሰውን አይለይም። የቀኝ አመልካች ጣታቸው ሉፕ የሆነ ሰዎች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ሰውን የሚለዩት የመስመሮቹ መቋረጫና መንታ መሆኛ ነጥቦች፣ አቀማመጣቸውም ጭምር ናቸው። እዚህም ቢሆን ዓይን የፈለገውን ያያል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከማድሪዱ የባቡር ፍንዳታ በኋላ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. የፈንጂ ማቀጣጠያ ከተገኘበት የላስቲክ ከረጢት ላይ የተነሳ አሻራ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃ ነው አለ። ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታሰረ፤ የስፔን ፖሊስ ግን የአሻራውን ባለቤት፣ አንድ አልጄሪያዊ፣ አገኘ። በኋላ ሲመረመር፣ ባለሙያዎቹ የጠበቃውን አሻራ ካዩ በኋላ ወደ ላስቲኩ አሻራ ተመልሰው በውስጡ ያልነበረ ነገር ማየታቸው ታወቀ።

ስለዚህ በቦታው የተገኘውን አሻራ ብቻውን አጥኑት፤ ያያችሁትን ጻፉ፤ የተጠርጣሪውን ካርድ ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ለባልደረባችሁ ስታሳዩትም የደረሳችሁበትን አትንገሩት።