ጭቃው፣ ቀለሙና ሳፋው፦ ከአንዲት የጎንደር ሕፃናት ጠባቂ ጋር ጥያቄና መልስ

የዛሬዋ ተጠያቂ አራዳ አካባቢ በመኖሪያ ግቢያቸው የሰፈሩን ልጆች የሚያውሉት እትዬ ናቸው። ርዕሱ ሥራ በሚበዛበት የልጆች ማቆያ ውስጥ የሚያቆሽሽ ጨዋታና የእጅ ሥራ እንዴት ቦታ ያገኛል የሚል ነው። የቡድናችን አባላት፣ ጥያቄያችሁን አሳጥራችሁ ጻፉ።

እትዬ፦ እንደምን ዋላችሁ። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እስኪነቁ ድረስ የቻልሁትን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልናገር። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ዶቃ፣ የልብስ ቁልፍ ለመጫወቻ አይሰጥም። ውሃ ያለበት ሳፋም ጨዋታው እንዳለቀ ይደፋል፤ ሕፃን ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። እነዚህን ሁለቱን ያላነበበ ሰው ሌላውን ባያነብ ይሻላል።

ጀማሪዋ ከአዘዞ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምስት ልጆች እይዛለሁ። ትንሹ ስምንት ወሩ ነው፣ ትልቋ አራት ዓመቷ። አንዱን ሳበላ ሌላው ይቆሽሻል፣ እሱን ሳጥብ ሦስተኛዋ ታለቅሳለች። በዚህ መሀል ጭቃና ቀለም መቼ አውጥቼ መቼ ላጽዳ?

እትዬ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ብዙ ሰው ጨዋታውን ያስብና ማጽዳቱን ለኋላ ይተወዋል። አንቺ ከመታጠቢያው ጀምረሽ ወደ ኋላ አስቢ። ልጆቹ ከምሳ በፊት እጅና ፊታቸውን መታጠባቸው አይቀርም፤ የሚያቆሽሸውን ጨዋታ ከዚያ አስቀድመሽ አድርጊው። እኔ ቤት አራት ሰዓት ላይ መክሰስ ይበላል። ከዚያ ግቢው ሞቅ ሲል ጭቃው ይወጣል፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማጠብ እጀምራለሁ፣ ስድስት ሰዓት ምሳ ነው። አንዱ ማጠብ ለሁለት ጉዳይ ዋለ ማለት ነው። የስምንት ወሩ ልጅ ረፋድ ላይ የሚተኛ ከሆነ ሰዓቱን ከእርሱ እንቅልፍ ጋር አገናኚው። ካልተኛ እዘይው።

ከሰዓት በኋላ አትሞክሪው። ከእንቅልፍ የነቃ ልጅ ይነጫነጫል፤ እናትየዋም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ ጭቃ ለብሶ ታገኘዋለች።

ውሃው በፈረቃ መሆኑን ለጎንደር ሰው አልነግርም። ሁለት ሳፋ አዘጋጂ፦ በመጀመሪያው ጭቃው ይወርዳል፣ በሁለተኛው በሳሙና ይታጠባል። የመጀመሪያውን ውሃ ወደ ቧንቧ ማጠቢያው አትድፊው፤ ጭቃው ከሥር ይረጋና ይደፍነዋል። አትክልት ሥር ድፊው። መሬት ላይ የተተረተረ ጆንያ አንጥፊ፣ ሲያልቅ አጣጥፈሽ አራግፊ። ልጆቹን የአባት አሮጌ ሸሚዝ ከኋላ እንዲቆለፍ አዙረሽ አልብሻቸው፣ እጅጌውን ቁረጪው። ጀሪካኑ ባዶ በሆነ ቀን ደግሞ ጭቃ የለም። ማንም አይጎዳም፤ ነገ ይጫወታሉ።

አንድ አባል፦ ስለ ልጆች ጨዋታ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

እትዬ፦ በአጠቃላይ የሚባል ልጅ አላየሁም። ዕድሜውን፣ ቦታውንና ያለሽን ዕቃ ጽፈሽ ተመለሺ።

የሁለት ልጆች አባት፦ እትዬ፣ ልጆቼ እቃ እቃ ሲጫወቱ ከግቢው አፈር ቆፍረው ጭቃ ያቦካሉ። በሽታ ስለምፈራ እከለክላለሁ። ደግሞ የሠሩት ጀበናና ምድጃ ሁሉ በማግስቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ለቅሶ ነው። አፈሩ ምን ዓይነት መሆን አለበት?

እትዬ፦ ወንድሜ፣ የምወደውን ነገር ነካህብኝ፤ ስለዚህ ረዘም ይላል።

ፍርሃትህ ትክክል ነው። ሰው የተጸዳዳበት አፈር የወስፋት እንቁላል ሊኖረው ይችላል፤ እንቁላሉም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጸድቷል ማለት ራስን ማታለል ነው። ከመንገድ ዳር፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከከብት በረት አጠገብ አፈር አይወሰድም። ላዩን ገፍፈህ ከታች አውጣ። ከዚያ ውቃው፣ በወንፊት ንፋው፣ አሮጌ ብረት ምጣድ ላይ አድርገህ እንፋሎቱ እስኪያልቅና እጅ እስኪያቃጥል ድረስ እያማሰልክ አሙቀው። እንደ ቡና አይጥቆር፤ ከልክ በላይ የተቃጠለ አፈር ውሃ ቢጠጣም አይያያዝም። ከተጫወቱ በኋላ ጥፍር ሥር ሳይቀር በሳሙና ይታጠባል። ባዶ እግራቸውንም አይሁኑ።

ስንጥቁ ከአፈሩም ካደራረቁም ይመጣል። ጥቁሩ መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ በበጋ ማሳው ምን ያህል እንደሚተረተር አይተሃል። ያንን ተወው። የሸክላ አፈር ፈልግ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ አለች፤ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩባት የኖረች መንደር ናት፤ ዛሬም ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሸጡባታል። ሸክላ የሚሠራ ሰው ካገኘህ ከነቀመሙ ጠይቅ፤ ንጹሕ የሸክላ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ደቃቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይገባበታል። ለልጆች ገሉን ትተህ ደቃቅ አሸዋ ጨምር። ቤት ሲመረግ የጤፍ ጭድ ጭቃው ውስጥ የሚገባው ለዚሁ ነው። እኔም ጭዱን አድቅቄ እጨምራለሁ፤ ልጆቹ ራሳቸው ሲረግጡት ግማሹ ጨዋታ እርሱ ይሆናል።

ካቦካህ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ በላስቲክ አሳድረው፤ ያደረ ጭቃ ይለሰልሳል። ልጁ ጀበና ሲሠራ ጆሮውን እንዲሁ ከለጠፈው ይወድቃል። ሁለቱም የሚገናኙበት ቦታ በእንጨት ይጫር፣ ቀጭን ጭቃ ይቀባ፣ ከዚያ ይጫን። ይህን የሦስት ዓመት ተኩል ልጅ ይችለዋል፤ ምላሱን አውጥቶ ሲጭር ማየት ነው። የተሠራው ነገር ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ውስጡ ይጎትተዋል። ወደ እሳት አታስገቡት፤ ውስጡ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር ይፈነዳል። የተሰበረውን መልሰህ ንከረው፤ ነገ እንደገና ጭቃ ነው።

የማራኪዋ እናት፦ እኔ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ አቡክቼ እሰጣለሁ፤ ንጹሕ ነው።

ጋሼ ከቀበሌ 18፦ ይቅርታ አድርጊልኝና እህል መጫወቻ ሆነ? እኛ ቤት ቁራሽ እንጀራ መሬት ከወደቀ አንስተን ሳምን ነው ያደግነው። ዛሬ ዱቄት በስንት እንደሚሸጥ ጠፍቶሽ ነው?

የማራኪዋ እናት፦ የነቀዘውን ነው የምጠቀመው ጋሼ። ከሚጣል ልጅ ቢማርበት ምን ነውር አለው?

ጋሼ ከቀበሌ 18፦ የነቀዘ ለዶሮ ይሰጣል።

ሌላ አባል፦ ዶሮ የሌለው ሰውስ? ደግሞ በበዓል ዋዜማ የዶሮ ዋጋ…

እትዬ፦ ስለ ዶሮ ዋጋ ሌላ ቀን። በእህሉ ነገር ጋሼን እደግፋለሁ፤ ጭቃ ነጻ ነው። ግን ሌላም ምክንያት አለኝ። በዚያ ሊጥ ውስጥ የዱቄቱን ግማሽ ያህል ጨው አለ፤ ሕፃን ልጅ ብዙ ከዋጠው በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከልክ በላይ ይጨምራል፣ ይህም ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ነው። ጥሬ ዱቄትም ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርም ሊኖረው ይችላል። ሁሉን ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ አይሆንም። ለትልልቆቹ፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ፣ እሺ።

ኮሌጅ ተማሪዋ፦ ቀለም ከገበያ ስገዛ ውድ ሆነብኝ። በቤት ውስጥ ምን ልጠቀም?

እትዬ፦ ቀይ ሥር ቀቅለሽ ውሃውን፣ እርድ፣ የቡና አተላ፣ ከሰል። ቀጠን ያለ የዱቄት ሙቅ አብስለሽ ከነዚህ ጋር ብታዋህጂው በጣት የሚቀባ ቀለም ይሆናል፤ ጋሼ ለዚህች እፍኝ ዱቄት ይቅር ይበሉኝ። በማግስቱ ስለሚኮመጥጥ የዕለቱን ብቻ ሥሪ። እርድ ከልብስ አይለቅም፣ አስቀድመሽ ለእናቶቹ ንገሪ። ለስፌት ስንደዶና አክርማ የሚነከርበትን የገበያ ዱቄት ቀለም ለልጅ እንዳትሰጪ፤ ለሣር የተሠራ ነው እንጂ ለአፍ አይደለም። በርበሬ ቀይ ነው ብሎ የሚያስብም አይጠፋምና እርሱንም እከለክላለሁ።

አንድ አባል፦ ሽምብራና ምስር በጣሳ እያስገለበጥኩ ማጫወት እችላለሁ? ልጄ ሁለት ዓመቷ ነው።

እትዬ፦ መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብቢ። አይቻልም።

ነርሷ፦ እትዬ፣ እኔ ልጨምርበት። አፍንጫ ውስጥ የገባ ባቄላ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። በጣት ወይም በመቆንጠጫ ለማውጣት የሚሞክሩ ወላጆች ወደ ውስጥ ይገፉታል። ሳትነኩት ጤና ጣቢያ አምጡት።

እትዬ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የጉሎ ፍሬም አለ። ዝንጉርጉር ስለሆነ ልጆች ይወዱታል፣ በየአጥሩ ሥር ይገኛል፣ ከታኘከም መርዝ ነው። የአጥር ቁልቋል ወተቱ ዓይን ያቃጥላል። ቅጠልና ፍሬ ልታስለቅሙ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ለዩ።

ከፋይ አባት፦ በግልጽ ልናገር። በየወሩ የምከፍለው ልጄ ጭቃ እንዲያቦካ ነው? አራት ዓመት ሞልቶት ፊደል አልለየም። የጎረቤት ልጅ እስከ መ ይቆጥራል።

ጀማሪዋ ከአዘዞ፦ እኔንም እንዲህ ይሉኛል፣ መልስ አጣሁ።

የማራኪዋ እናት፦ እውነታቸውን እኮ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ይፈተናል።

ጋሼ ከቀበሌ 18፦ እኛ የቄስ ትምህርት ቤት ገብተን በአንድ ዓመት ዳዊት ደገምን። ጭቃ የሚባል አልነበረም።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ በአንድ ዓመት?

እትዬ፦ ጋሼ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ወንዝ ዳር ምን ሲሠሩ እንደነበር እኔ ልንገርዎ? ጭቃው እዚያ ነበረ።

አባትየው፣ ስሙኝ። ልጅዎ እርሳስ ሲይዝ በጡጫው በሙሉ ጨብጦ ከሆነ ጣቶቹ ገና አልጠነከሩም ማለት ነው። ጭቃ መቆንጠጥ፣ ማድበልበል፣ እንደ እባብ ማርዘም ጣትን ያጠነክራል። ያ እባብ ሲታጠፍ ደግሞ ሀ ይሆናል፤ አንድ እግር ሲረዝም ሌላ ፊደል ይወጣል። እርጥብ ጭቃ ሳህን ላይ ተደልድሎ በእንጨት ይጻፍበታል፣ በእጅ ይጠፋል፣ ወረቀት አያባክንም። እኔ ፊደል አላስተምርም አላልኩም፤ በወንበር አስሬ አላስተምርም እንጂ።

ከፋይ አባት፦ እንግዲህ እናያለን።

አንድ አባል፦ በወር ስንት ያስከፍላሉ? ፈቃድስ ከየት ነው የሚወጣው?

እትዬ፦ ክፍያውን በግል ጠይቁኝ። ፈቃዱን ክፍለ ከተማችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመንግሥት ሠራተኛዋ፦ የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ልጄን በአራት ወሩ ላስረክብ ነው። ለእርሱ የሚሆን የሚያቆሽሽ ጨዋታ አለ?

እትዬ፦ የአራት ወር ልጅ ጨዋታው ፊትሽ ነው። እርጥብ ጨርቅ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የሚንሿሿ ነገር ይበቃዋል። መቀመጥ ሲችል ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ አድርጊለትና ይምታው። እጅሽ ከእርሱ አይራቅ፤ ሲያልቅም ውሃው ይደፋ።

ጀማሪዋ ከአዘዞ፦ ክረምት ሲገባስ? ልብስ አይደርቅ፣ ግቢው ረግረግ።

እትዬ፦ ክረምት ጭቃውን ውጭ ተዪው፤ እግዚአብሔር ራሱ ያቦካዋል። ቤት ውስጥ የወረቀትና የከሰል ጊዜ ነው። ነሐሴ ሲገባ ለእንቁጣጣሽ የሚታደለውን ሥዕል አስጀምሪያቸው። አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፍ ያለው መልአክ፣ የፈለጉትን ይሣሉ። ጳጉሜን ላይ ልጀምር ካልሽ ወረቀቱ ሳይደርቅ በዓሉ ይደርሳል። የመልአክ ፊት እንዴት ይሣላል ካሉሽ ትልልቆቹን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስደሽ ወደ ጣሪያው አንጋጥጠው እንዲያዩ አድርጊ፤ ሁሉም ትልልቅ ዓይን ያላቸው መላእክት ናቸው። ከዚያ ስንመለስ የሚሣሉት ዓይን ግማሽ ወረቀት ይሞላል። አትከልክያቸው፣ አታስተካክዪላቸው። አራት ዓመት ያለፋቸው ስንደዶ መጠምዘዝ ይችላሉ፤ ወስፌ ግን ከእጃቸው ይራቅ።

ኮሌጅ ተማሪዋ፦ ወንዶቹም ስፌት ይሠራሉ?

ጋሼ ከቀበሌ 18፦ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ነው…

እትዬ፦ ይሠራሉ። ጋሼ፣ ተዉን።

አንድ አባል፦ የሳሙና አረፋ ለማስነፋት ኦሞ ይሆናል?

እትዬ፦ አይሆንም፤ ዓይን ያቃጥላል። የገላ ሳሙና ሟሙቶ ይሁን።

አንድ አባል፦ ቴሌቪዥን ለስንት ሰዓት…

እትዬ፦ ቴሌቪዥን አያቆሽሽም። ርዕሱ ሌላ ነው።

አንድ አባል፦ እትዬ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ለሁለት ዓመት ልጅ ሽምብራ በጣሳ ማስገልበጥ ጥሩ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

እትዬ፦ ነርሷ ትመልስልሽ። አንዱ ነቅቷል፤ ሄድኩ።