ማግኔት የሳበው ዱቄት ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ የማቅለሚያ ፍሳሽን ቀለም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለማጥፋት ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ዱቄት) እየሠራን ነው። የመጀመሪያው ጥቁር ወጣ፤ ግን በሦስተኛው ዙር ደከመ። ሁለተኛው ቀይ ቡናማ ሆነና ማግኔት እንኳ በደንብ አይስበውም። ምን እናድርግ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ከሁሉ በፊት የፌረስ ክሎራይዱን (ማግኔታይት ከሚሠራባቸው ሁለት የብረት ጨዎች አንዱን) ጠርሙስ ከፍታችሁ እዩ። ደህናው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ አየር ወደ ፌሪክ (ወደ ሁለተኛው የብረት ዓይነት) ለውጦታል፤ የቱንም ያህል ተጠንቅቃችሁ ብትመዝኑ ልኩ አይገጥምም። የሚፈለገው 2 ሞል (ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ፌሪክ ለ1 ሞል ፌረስ ነው፤ ማለትም 5.4 ግራም ፌሪክ ክሎራይድ (ባለ 6 ውሃው) እና 2 ግራም ፌረስ ክሎራይድ (ባለ 4 ውሃው) በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ።

ውሃው ውስጥ አስቀድማችሁ ኦክስጅኑ እንዲወጣ ግማሽ ሰዓት ናይትሮጅን ንፉበት። ናይትሮጅን ከሌለ አፍልታችሁ፣ ከድናችሁ አቀዝቅዙት። (ደሴ ላይ የሚሠራ ካለ፣ እዚያ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል አይጠብቅ።) ከዚያ ሁለቱን ጨዎች አሟሙበትና ፊውም ሁድ (ጎጂ ትነት የሚስብ ሳጥን) ውስጥ፣ 80 ዲግሪ ላይ በኃይል እየተማሰለ፣ 25 በመቶ የሆነ አሞኒያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሩ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 10 ይድረስ። ወዲያው ይጠቁራል። ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የማግኔት ማማሰያ ግን አታስገቡ፤ ዱቄቱ ሁሉ እሱ ላይ ይለጠፋል። ከላይ በሞተር የሚዞር መቅዘፊያ ይሻላል።

በማግኔት እየያዛችሁ ፒኤቹ 7 እስኪሆን እጠቡና ከ60 ዲግሪ ሳታሳልፉ አድርቁ። ከዚህ ልክ ቢበዛ 2.3 ግራም ነው የሚወጣው፤ ሚዛኑ ከዚያ በላይ ካሳየ ጨው ቀርቶበታል ወይም አልደረቀም። ቡናማነት ብቻውን አያስደነግጥ፤ ማግሄማይትም (የማግኔታይት ዘመድ የሆነ የብረት ኦክሳይድ) ቡናማ ሆኖ ማግኔት በደንብ ይስበዋል። የእናንተው እምቢ ያለው ማግኔታይት ሳይሆን ማግኔት በደንብ የማይስበው ሌላ የብረት ኦክሳይድ ስለበዛበት ነው።

ወደ ድካሙ እንምጣ። ዱቄቱ በማግኔት ተመለሰ ማለት ካታሊስቱ (ምላሹን የሚያፋጥነው ነገር) ሙሉ በሙሉ ተመለሰ ማለት አይደለም። ፒኤች 3 ላይ፣ ማለትም አሲዳማ ውሃ ውስጥ፣ ብረት በየዙሩ እየሟሟ ከውሃው ጋር ይፈሳል። ይህን ለማረጋገጥ ቀለሙ ግማሽ ሲጠፋ ዱቄቱን በማግኔት አውጡ፣ ውሃውን በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፉና ተከታተሉት። ቀለሙ በዚያው ፍጥነት መጥፋቱን ከቀጠለ ሥራውን የያዘው የሟሟው ብረት ነው። ካቆመ ግን የዱቄቱ ገጽ በቀለም ዝቃጭ ተሸፍኖ ይሆናል፤ በኤታኖል፣ ቀጥሎ በውሃ አጥባችሁ ሞክሩት። ያለ ፐርኦክሳይድ የሚሠራ ማነጻጸሪያም ይኑራችሁ፤ ዱቄቱ ቀለሙን መጥጦት ብቻ ከሆነ ቀለሙ አልፈረሰም፣ ከውሃው ወደ ዱቄቱ ተዛወረ እንጂ።

ብዙዎች መፍትሔው ዱቄቱን ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) መቀባት ነው ይላሉ። ዱቄቱ ፓላዲየምን (ሌላ ካታሊስት የሆነ ብረታብረት) ለመሸከም ከሆነ እውነት ነው። እናንተ ዘንድ ግን የሚሠራው የብረቱ ገጽ ራሱ ስለሆነ ወፍራም ሲሊካ ሥራውን ይጋርደዋል።