ስብሰባው ላይ መፈረም መስማማት ነው?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጅማ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በየፊናቸው የተጻፉ ቢሆኑም የሚጠይቁት ተቀራራቢ ነገር ነው፤ የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው የሚናገረው መቼ ነው፣ የተናገረውስ የት ይደርሳል? ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጊንጆ ጉዱሩ፣ አባቴ በደርግ ዘመን በሠሩት ቤት ሲሆን ይዞታው ካርታ አለው። በክረምቱ ስለ ሰፈራችን ፕላን ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። መድረኩ ላይ ባለቀለም ካርታ ተሰቅሎ ነበር፤ እኔ ከኋላ ስለተቀመጥሁ ከቢጫና ከቀይ በቀር የለየሁት ነገር የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከንግግሩም ግማሹ አመለጠኝ። በመጨረሻ የስም መዝገብ ዞረና ፈረምሁ። አሁን ጎረቤቶቼ «ተስማምታችሁ ፈርማችኋል ተብሏል» ይሉኛል፤ ከግቢዬ ፊት ለፊትም አራት ሜትር ያህል ለመንገድ እንደሚወሰድ እሰማለሁ። ፊርማዬ ምን ማለት ነው? ከዚህ በኋላስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በስም መዝገቡ ላይ ያኖሩት ፊርማ ስብሰባው ላይ መገኘትዎን እንጂ በቀረበው ሐሳብ መስማማትዎን አያስረዳም። ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም፤ «ከነዋሪው ጋር ውይይት ተደርጓል» ለሚል ሪፖርት አባሪ ሆኖ ይሄዳል። ከመዝገቡ ይልቅ መፈለግ ያለብዎ ቃለ ጉባኤው ነው። ማን ምን እንደጠየቀና ምን መልስ እንደተሰጠው የሚገኘው እዚያ በመሆኑ፣ ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤው ካልሰፈረ ለፋይሉ እርስዎ ሰምተው፣ ዝም ብለው የወጡ ሰው ነዎት።

ቀጥሎ መድረኩ ላይ የተሰቀለው የትኛው ፕላን እንደነበር ማወቅ ያሻል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት ፕላኖችን ይደነግጋል። መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው መላውን ከተማ የሚሸፍንና ለ10 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን፣ ከተማው በየት በኩል እንደሚያድግ፣ ዋና ዋና መንገዶች በየት እንደሚያልፉ፣ መኖሪያው፣ ንግዱና ኢንዱስትሪው የት የት እንደሚሆን ይወስናል። በዚያ ካርታ ላይ የእርስዎ ግቢ ከጤፍ ቅንጣት አይበልጥም፤ ቢጫው ውስጥ፣ ማለትም መኖሪያ ተብሎ በተከለለው ውስጥ መሆንዎን ከማየት ያለፈ የሚያገኙበት ነገር የለም። አራቱ ሜትር የሚታየው ባለሙያዎቹ ኤልዲፒ በሚሉት በአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ነው። የመንደር መንገድ ስፋት፣ የሕንፃ ከፍታና ጥግግት፣ የቤቶች ዓይነት፣ መልሶ የሚለማው ሰፈር፣ አረንጓዴና ክፍት ቦታው ሁሉ የሚሰፍረው እዚያ ነው። ስለዚህ ቢሮ ሄደው «ፕላኑን አሳዩኝ» ቢሉ ግድግዳ ላይ ያለውን ትልቁን ካርታ ጠቁመው ያሰናብቱዎ ይሆናል። «ሰፈሬን የያዘውን የአካባቢ ልማት ፕላን፣ ከነማብራሪያ ጽሑፉ» ይበሉ።

ጥያቄው በቃል አይቅር። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል መረጃ ሲጠየቅ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ ያዝዛል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ያስጽፉት፤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሄድ የሚያስተረጉም ሰው ፍለጋ እንዳይቆም ይረዳል። ሁለት ኮፒ ይያዙ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተው በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው፣ ማኅተም አስደርገው ይመለሱ። ይህቺ ወረቀት ከአሥር ስብሰባ ትበልጣለች ብንል አላጋነንንም።

ማመልከቻውን ከመጻፍዎ በፊት ደግሞ ሜትር ይዘው፣ ከጎረቤትዎ ጋር ሆነው ከእርስዎ አጥር እስከ ማዶው አጥር ያለውን ይለኩ። መንገዱ አሁን ስድስት ሜትር ኖሮ ወደ አሥር የሚሰፋ ከሆነ አራቱ ሜትር ለምን ከአንድ ወገን ብቻ እንደሚወሰድ፣ ከሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሜትር ቢነሣ ስንት ቤት ከመፍረስ እንደሚድን፣ ኤሌክትሪክ ምሰሶው ወይም የውኃ መውረጃው በየትኛው ወገን እንዳለ በቁጥር ይጻፉ። «አልቀበልም» የሚል ተቃውሞ ለፕላን ባለሙያ የሚያስተካክለው ነገር አይሰጠውም፤ የተለካ አማራጭ ግን ወይ መቀበል፣ ወይ ለምን እንዳልተቀበሉት መመለስ ግድ ይሆንባቸዋል። አዋጅ 574 የኅብረተሰቡ ፍላጎት በሕዝብ ተሳትፎ፣ በግልጽነትና በተጠያቂነት እንዲሟላ ከመሠረታዊ መርሆዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀምጧልና፣ ይህንኑ በማመልከቻው መግቢያ ላይ ቢጠቅሱት ይጠቅማል። ዋናው ጉዳይ ረቂቁ ለምክር ቤት ቀርቦ ከመጽደቁ በፊት መድረስ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚቀረው ክርክር በአብዛኛው ስለ ካሳው መጠን ነው።

ነገሩ ወደ ካሳ የሚሄድ ከሆነም መንገዱን ከወዲሁ ይወቁት። ለሕዝብ ጥቅም የመሬት ይዞታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በመደበኛው አካሄድ ባለይዞታዎች ከመልቀቃቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲወያዩ ይላል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ ሲደርስ ደግሞ ቅሬታ ያለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚ አካል ማመልከት ይችላል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም ማሻሻያ ስለተደረገበት ማመልከቻውን የሚጽፍልዎ ሰው ማሻሻያውንም በእጁ ይያዝ። እስካሁን ግን የደረሰዎ ትእዛዝ የለም፤ የደረሰዎ ወሬ ነው። ካሳ ከመቁጠርዎ በፊት ፕላኑን ይዩት።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። መንደራ ቆጪ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ካሉ አምስት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዱ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ተከራይተን እንኖራለን። የሰፈሩ ፕላን ስብሰባ ሲጠራ ጥሪው የሚመጣው ለአከራያችን ነው። ተከራይ ስለሆንሁ አያገባኝም ማለት ነው? ለመሆኑ የከተማ ፕላንና የቤት ኪራይ ምን ያገናኛቸዋል?

መልስ፦ እህታችን፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ስለሚከተል ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንጀምር።

የምትኖሩበትን ግቢ ይመልከቱት። ከፊት የአከራያችሁ ቤት፣ አጥሩን ተደግፈው የተደረደሩ አምስት ክፍሎች፣ አንድ ቧንቧ፣ ጥግ ላይ የጋራ መጸዳጃ። ለመምህሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ዶርም ላላገኘው ተማሪ፣ ለቀን ሠራተኛው ቤት የሚያቀርበው በአመዛኙ እንዲህ ያለው ግቢ ነው፤ «የቤት ልማት ፕሮግራም» ብሎ የጠራው ግን የለም። አሁን በአካባቢ ልማት ፕላኑ ላይ «በዚህ መንገድ ዳር የሚሠራ ሕንፃ ከጂ ፕላስ ሁለት ማነስ የለበትም» የሚል አንድ መስመር ገባ እንበል። አከራያችሁ ቆርቆሮ ከመቀየር ያለፈ አቅም ከሌላቸው ወይ ይሸጣሉ፣ ወይ ባለገንዘብ ሸሪክ ያስገባሉ፤ በየትኛውም መንገድ አምስቱ ክፍሎች ይፈርሳሉ። ካሳ ቢኖር እንኳ የሚከፈለው ለባለይዞታው ነው። እናንተ የምትሰሙት «በሁለት ወር ውስጥ ቤት ፈልጉ» የሚለውን ነው። የኪራያችሁ ዕጣ የተወሰነው ግን ያኔ ሳይሆን መስመሩ ረቂቁ ውስጥ በገባበት ቀን ነው።

የቦታ ስፋትም እንዲሁ ዋጋ ይወስናል። ለምሳሌ ከአንድ ሄክታር መሬት 40 በመቶው ለመንገድና ለክፍት ቦታ ቢወጣ 6,000 ካሬ ሜትር ይቀራል። ፕላኑ ለአንድ መኖሪያ ዝቅተኛው 200 ካሬ ነው ካለ ይህ መሬት ለ30 አባወራ፣ 100 ካሬ ይበቃል ካለ ለ60 አባወራ ይሆናል፤ የመንገዱና የቧንቧው ወጪም የዚያኑ ያህል በብዙ ሰው ይከፋፈላል። ይህን ስሌት ለማንሣት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛው ነገር መሬቱ ለማን ይተላለፋል የሚለው ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት በጨረታና በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ፣ እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ጨረታ የሚያሸንፈው ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠ ነው፤ የመምህር ደሞዝ እዚያ ውስጥ አይገባም። በምደባ ከሚስተናገዱት መካከል ግን የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታና በመንግሥት የተፈቀደ የራስ አገዝ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ይገኛሉ። ለእነዚህ የሚሆን መሬት ቀድሞ ካልተያዘ ጨረታው ይወስደዋል፤ በኋላ ለቤት ሠሪ ማኅበር የሚገኘው ቦታ ባጃጅ የማይደርስበት ዳር ይሆናል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ወደ ክልል ከተሞች የወጣው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጅማም ደርሶ ነበር፤ ቀሪው 80 በመቶ በባንክ ብድር በሚሸፈንበት በ20/80ው ስሌት ግን 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ የሚያስፈልግ ስለሆነ ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ቤተሰብ በሩ ያው ዝግ ነው። በእኛ አስተያየት ለተከራዩ ይበልጥ የሚጠቅመው የሰርቪስ ክፍሎቹን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚያሻሽል ፕላን ነው፤ መጸዳጃውን፣ የእሳት አደጋ መግቢያውን፣ የውኃ መውረጃውን አስተካክሎ ክፍሎቹን በቦታቸው የሚያቆይ።

ያገባኛል ወይ ላሉት፣ ሕገ መንግሥቱን ሲያነቡ ለቃላቱ ትኩረት ይስጡ። አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 የራሳቸውን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት የሰጠው ለዜጎች ነው፤ ባለካርታ፣ ተከራይ ብሎ አልለየም። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2ም በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው ለተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ ይገባል ይላል። «ሰዎች ሁሉ» የሚለው የቀበሌ ቤት ነዋሪውንም ይጨምራል፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ልጅ ወልዶ፣ ልጅ ድሮ በዚያው ቤት ያለ ሰው ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለምና። መብቱ በወረቀት ላይ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ሳለ ጥሪው ለባለይዞታ ብቻ መሄዱ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ለነገሩ ጅማ ነዋሪዋ ሳይጠየቅ የተሠራ ፕላን አዲሷ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ ከተማዋን የደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ ፕላን ሲያወጣላት ነጩንና ያገሬውን ሰው በሰፈር ለያይቶ ነበር። ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ዛሬም ይህንኑ ያስታውሳል።

አሁን ምን ይደረግ? ስብሰባ ሲጠራ ከአከራያችሁ ጋር ይሂዱ። ብዙ ጊዜ አከራይና ተከራይ እዚህ ላይ ጥቅማቸው አንድ ነው፤ እሳቸውም የማይችሉትን ፎቅ እንዲሠሩ መገደድ አይፈልጉም። በእድራችሁ ውስጥ ያሉ ተከራዮችን ሰብስባችሁ ብትሄዱ ደግሞ ድምፃችሁ ይሰማል። ስለ ኑሮ ውድነት በጥቅሉ መናገር ጭብጨባ ያስገኛል እንጂ ረቂቁን አይለውጥም። በዚህ ሰፈር ዝቅተኛው የሕንፃ ከፍታ ስንት እንደሆነ፣ አቅም ለሌለው ነባር ባለይዞታ ምን እንደታሰበ፣ ዝቅተኛው የቦታ ስፋት ስንት ካሬ እንደሆነ፣ ለማኅበር ቤት የተያዘው መሬት በካርታው ላይ የት እንዳለ ጠይቃችሁ ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍ አድርጉ።

እስከዚያው የኪራይ ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ሌላ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነውና፣ ውሉን ለማስመዝገብ ስትሄዱ ይህንን አብራችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ በቦዬ አቅራቢያ ያለ እድር ሊቀ መንበር ነኝ። ልጆቻችን ከብት የሚያግዱበት ረግረግ በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ነው ተብለን ነበር፤ ሰሞኑን ግን አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ እየተደፋበት ነው፤ አጥርም የጀመሩ አሉ። እድር በዚህ ጉዳይ ሊያመለክት ይችላል?

መልስ፦ አባታችን፣ ይችላል፤ ከአንድ ሰው ማመልከቻም የእድር ማመልከቻ ይሻላል፣ ከሳሽ ተብሎ ብቻውን ጥርስ የሚነከስበት ሰው አይኖርምና። አዋጅ 574 አረንጓዴና ክፍት ቦታዎችን፣ የውኃ አካላትንም የአካባቢ ልማት ፕላን አካል ያደርጋቸዋል። ስለሆነም ጥያቄያችሁ ችሮታ አይደለም፤ የጸደቀው ፕላን ይከበር ነው። ማመልከቻው ላይ የከብቱን ብቻ አይጻፉ። ከተማውን አቋርጦ የሚመጣው የአዌቱ ወንዝ ውኃ ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ረግቶ ደለሉን የሚጥለው ቦዬ ላይ ነው፤ እሱ ሲደለደል ውኃው መሄጃ ፈልጎ ወደ ቤት ይመለሳል። ቀድሞ የሚገባውም ረግረጉን አስደልድሎ ቤት በሠራው ሰው ሳሎን ነው።

ፎቶ ያያይዙ፤ ግን በጥር የተነሣ እንዳይሆን። በጥር ቦታው ደረቅ ሜዳ መስሎ ስለሚታይ «ባዶ መሬት ነው» ለሚለው ወገን ምስክር ይሆናል። በሐምሌ፣ ውኃው ከተደፋው ፍርስራሽ ጥግ ድረስ ሲመጣ፣ አጥሩንና ከኋላው ያሉትን ቤቶች አንድ ላይ በሚያሳይ ቦታ ቆመው ያንሡት።