«ሚስቱ አይደለሽም ወይ?» ተብዬ ተመለስኩ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ሲና አቅራቢያ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ጠጥቶ በገባ ቁጥር እምቢ ስለው አንገቴን አንቆ በግድ ይገናኘኛል። ሰሞኑን ክንዴ በልዞ ፖሊስ ዘንድ ሄጄ «ደፈረኝ» ብል «ሚስቱ አይደለሽም ወይ?» ተብዬ ተመለስኩ። የነፍስ አባታችንም ሽማግሌዎችም ታገሺ ይሉኛል። ሕጉም እንዲሁ ነው የሚለው? ወላጆቼ ቤት ብገባስ?

መልስ፦

እህቴ፣ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩሽ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው «ከጋብቻ ውጭ» ሲፈጸም ነው፤ ባልሽ በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። ለእኔ ይህ የሕጉ ነውር ነው። የቤተሰብ ሕጉም ባልና ሚስት ይገናኙ ማለቱ በጉልበት ይውሰድ ማለት አይደለም።

አንቺን የሚጠቅምሽ አንቀጽ 564 ነው፤ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት በአካል ጉዳት አንቀጾች (555–560) ያስቀጣል። ስለዚህ ቃልሽን ስትሰጪ «ደፈረኝ» ብለሽ አታቁሚ። እንዴት አነቀሽ፣ በምን መታሽ፣ የትኛው ክንድሽ በለዘ፣ ምን ብሎ ዛተ፣ ጩኸትሽን ማን ሰማ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ሁሉንም አስጽፊ። ሳይነበብልሽ አትፈርሚ። ቀላል ጉዳት በአቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ስለሆነ ከ3 ወር አታሳልፊው። ጣቢያው ዳግም ቢመልስሽ ወደ ወረዳው ዐቃቤ ሕግ ሂጂ።

ከሁሉ በፊት ግን ሕክምና። ብልዝ ይጠፋል፣ ካርድ ላይ የተጻፈው ግን ይቀራል። ለሐኪሙ «ወደቅሁ» አትበዪው፤ ባልሽ እንዳነቀሽ ተናግረሽ አስመዝግቢ። ዳግም ቢደርስብሽ ሳትታጠቢ ሂጂ፤ ልብስሽን በወረቀት እንጂ በፌስታል አትጠቅልይ፣ ይሻግታል። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል፤ ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሠራል፣ በፈጠነ ቁጥር ግን ይሻላል።

ወላጆችሽ ቤት መግባት ጋብቻውን አያፈርሰውም፤ ሽማግሌም አያፈርሰውም። ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፣ ጥፋቱን ማስረዳትም ግዴታሽ አይደለም። በማመልከቻሽ ላይ የልጆቹ አያያዝና ቀለብ ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥበት ጠይቂ። ከቤት ስትወጪ የጋብቻ ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና ስምሽ ያለበትን የመሬት ደብተር ኮፒ ያዢ። ሽማግሌ ቢመጣ አድምጪ፤ «አቤቱታዬን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ላይ ግን ዐቃቤ ሕጉን ሳታማክሪ አትፈርሚ።